ጤፍ፣ ጣሳና የሰማይ ድንጋይ



ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ዕቃ እያያችሁ የተሳሳተ አዳራሽ የገባችሁ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። የአንድ ሊትር ጣሳ፣ አንድ ፌስታል ነጭ ጤፍ፣ የኩሽና ሚዛን፣ ከቢሾፍቱ መንገድ ዳር ያነሳሁት ቀይ ድንጋይ። ስለ ሰማይ ሊናገር የተጠራ ሰው ወፍጮ ቤት የሚሄድ መስሎ መጣ። ጤፉ የባለቤቴ ነው። "በዚህ ዋጋ አንድ ፍሬ ጎድሎ እንዳላይ" ብላ ነው የሰጠችኝ። ፊት የተቀመጣችሁ ልጆች ሲፈስ ካያችሁ አደራ፣ ልቀሙልኝ።

ጣሳው ትንሽ ይቆየን። መጀመሪያ ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ጋይ ኮንሶልማኞ ይባላል። በ1952 ዲትሮይት ውስጥ፣ መኪና በሚመረትባት የአሜሪካ ከተማ ተወለደ። ዛሬ ሰባውን ያለፈ ሰው ስለሆነ "እሳቸው" ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን አብዛኛው ወሬዬ የወጣትነቱ ነውና "እሱ" ብል ድፍረት አይሁንብኝ። ሥራው ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ማጥናት ነው። ሳይንሱ ሜትዮራይት ይለዋል። ማታ ማታ ሰማዩን ሰንጥቆ ውልብ የሚለው ተወርዋሪ ኮከብ ኮከብ አይደለም፤ ከጠፈር የመጣ አሸዋ ወይም ጠጠር ነው፤ አየር ላይ ነዶ ያልቃል። ትልቅ ሆኖ፣ እሳቱን ተርፎ መሬት የደረሰው ነው ሜትዮራይት የሚባለው። አያቴ ተወርዋሪ ኮከብ ባየች ቁጥር አማትባ "ደግሞ የማን ይሆን?" ትል ነበር። ሰው ሁሉ ሰማይ ላይ ኮከብ አለው፣ ሲሞት ኮከቡ ይወድቃል ብላ ታምናለች። ፊዚክስ ተምሬ ከተመለስኩ በኋላም ላርማት ልብ አልነበረኝም።

ኮንሶልማኞ ታዋቂውን የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የመረጠው ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ አያፍርም፤ የሳይንስ ልብወለድ መጻሕፍት ክምችቱን አይቶ ነው። ወላጆች፣ ልጃችሁ በማይረባ መጽሐፍ ጊዜውን ፈጀ ብላችሁ ስትቆጡ ይህችን አስታውሱ። እዚያው በ1975 የማስተርስ ጽሑፉን ሲሠራ የወሰደው ርዕስ ጁፒተርን የሚዞሩት በረዶ የለበሱ ጨረቃዎች ነበር። በእምብርታቸው ያለው አለት ውስጥ የሚገኙ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ሙቀት ይሰጣሉ፤ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሲጠራቀም በረዶውን ከውስጥ ሊያቀልጠው ይችላል ብሎ አሰላ። ከበረዶው ቅርፊት ሥር ውቅያኖስ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ እነዚያን ጨረቃዎች ቀርቦ በቅጡ ያያቸው አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ ቮዬጀር የተባለች መንኩራኩር አልፋ ስትሄድ ከእነሱ የአንዷን፣ የዩሮፓን ፊት እንደ ተሰነጣጠቀ እንቁላል አድርጋ አሳየችን፤ በዘጠናዎቹ ጋሊሊዮ የተባለችው መንኩራኩር የማግኔት ምልክቱን ለካች፤ ዛሬ ከበረዶው በታች ጨዋማ ውቅያኖስ መኖሩን የሚጠራጠር ተመራማሪ ብዙ የለም። የሙቀቱ ዋና ምንጭ ግን እሱ ያሰበው ሳይሆን የጁፒተር ስበት ጨረቃዋን እየጨመቀ የሚያሻት መሆኑ ታወቀ። መልሱን አግኝቶ ምክንያቱን መሳት በሳይንስ ውስጥ ይፈቀዳል። በፈተና ላይ አይፈቀድም፤ ተማሪዎቼ፣ ለእሱ ተፈቅዷል እንዳትሉኝ።

በ1977 ደግሞ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን እየሠራ ከመምህሩ ከማይክል ድሬክ ጋር አንድ ጽሑፍ አወጣ። ዩክራይት የሚባሉ የሰማይ ድንጋዮች አሉ፤ እሳተ ገሞራ ከተፋው የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ጋር ቢያስቀምጧቸው ወንድማማች ይመስላሉ። አንድ ቦታ ላይ ቀልጠው፣ ፈስሰው፣ ቀዝቅዘዋል። የት? ሁለቱ ሰዎች የድንጋዮቹን ኬሚስትሪ ተከትለው፣ የማይሆነውን እያስወገዱ ሄደው ሄደው ቬስታ የምትባል አስትሮይድ ላይ አረፉ። ቬስታ በማርስና በጁፒተር መሐል የምትዞር፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት አካል ናት። በ2011 ዶውን የምትባል መንኩራኩር ሄዳ ዓመት ከምናምን ዞረቻት፤ ገጿ ከድንጋዮቹ ጋር ተስማማ። ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቆ እርማቱ መጣ ማለት ነው። እኔ የአንድ ሳምንት ፈተና ሳላርም ስቆይ እንኳ በር የሚያንኳኳ ተማሪ አለኝ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ሥራውም፣ ስሙም፣ ሃርቫርድና ኤምአይቲ ውስጥ የተመራማሪ ወንበርም ነበረው። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ግን እንቅልፍ አጣ። ሌሊት ተነስቶ ጣራ ጣራውን እያየ፣ ሰው በረሃብ እያለቀ እኔ የጁፒተርን ጨረቃ የማጠናው ለምንድን ነው ብሎ ራሱን ያፋጥጥ ጀመር። መልስ አላገኘለትም። በ1983 ሥራውን ለቀቀና አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌሎች አገሮች ወደሚልከው ድርጅት፣ ወደ ፒስ ኮር ሄደ።

ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በፒስ ኮር መምህር የተማራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እንግሊዝኛችሁ ይናገራል። እሱ በመጣበት ጊዜ ግን ፒስ ኮር ከኢትዮጵያ ከወጣ ቆይቷል። የደረሰው ኬንያ ነው። ጉድጓድ ቆፍር ቢሉት ሊቆፍር፣ መጸዳጃ ቤት ሥራ ቢሉት ሊሠራ ተሰናድቶ ነበር የመጣው። ኬንያውያኑ የትምህርት ማስረጃውን አዩና ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ፊዚክስና አስትሮኖሚ እንዲያስተምር አደረጉት። ከሸሸው ነገር ጋር እዚያው ተፋጠጠ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እሱ ናይሮቢ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ከዋክብት በሚጽፍባቸው በእነዚያ ሁለት ዓመታት፣ ከድንበሩ ወዲህ እኛ ዘንድ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእኛ አቆጣጠር ሰባ ሰባት ነው፤ የረሃቡ ዘመን። ወሎና ትግራይ። አሜሪካዊው አልጋው ላይ ሆኖ ያነሳው ጥያቄ ለእኛ የአልጋ ጥያቄ አልነበረም። እኔም መምህር ሆኜ ስንት ጊዜ ተጠይቄዋለሁ፦ "አስተማሪ፣ ይህ ምን ያደርግልናል?" ስለ ቴሌስኮፕ ስናገር ከኋላ ረድፍ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ጠያቂው ሰነፍ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ጎበዙ ልጅ ነው። ስለዚህ ኬንያውያኑ ለእሱ ምን መልስ እንደሰጡት ሳውቅ ከማንም በላይ ገረመኝ።

ከዚያ በፊት ስለ ቴሌስኮፑ። ይህ ሰው በሰማይ አካላት ዶክትሬት ይዞ ሳለ ቴሌስኮፕን ወዴት እንደሚያዞር አያውቅም ነበር። አትሳቁ፤ ብዙ ተመራማሪ እንዲህ ነው። ከቁጥርና ከድንጋይ ጋር ይኖራል፣ ሰማዩን ቀና ብሎ አያይም። ዳን ዴቪስ የሚባል ጓደኛው ነው አንድ ምሽት ትንሽ ቴሌስኮፕ አውጥቶ አልቢሪዮን ያሳየው። አልቢሪዮ በዓይን ስታይዋት አንዲት ተራ ኮከብ ናት። በቴሌስኮፕ ግን ሁለት ትሆናለች፤ አንዷ ወርቃማ፣ ሌላዋ ሰማያዊ። ይህን ያየ ሰው ዝም ብሎ ቤቱ አይገባም። እሱም ትንሽ ቴሌስኮፕ ይዞ ኬንያ ገጠር ድረስ ወሰደው። በየመንደሩ ያሉ ሌሎች ፈቃደኞችን ሊጠይቅ ሲሄድ ማታ ሜዳ ላይ ይተክለዋል። ልጅ፣ አዋቂ፣ ከብት ጠባቂ፣ አሮጊት ይሰለፋል። ጨረቃን ያያሉ፣ የሳተርንን ቀለበት ያያሉ። ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሲያነሱ ከአፋቸው የሚወጣው ድምፅ፣ አገሩ ሚሺጋን ውስጥ ሰው ከሚያወጣው ድምፅ ጋር አንድ ሆነበት። ቋንቋ የለውም። እናንተም ዛሬ ማታ ታወጡታላችሁ።

መልሱ ይህ ነበር። ማንም ንግግር አላደረገለትም። ሰልፉ ነው የመለሰለት። እሱ ራሱ በኋላ ሲያስረዳ ድመትን ነው ምሳሌ የሚያደርገው፤ ድመት ምግብና ሙቀት ካገኘች ሰማይ ቀና ብላ አትጠይቅም፤ ሰው ግን ይጠይቃል። ቀና ብሎ እንዳይጠይቅ የተደረገ ሰው፣ ሆዱ ቢሞላም፣ ከሰውነቱ አንድ ነገር ተወስዶበታል። በዚህ ክርክር ሁላችሁም ትስማማላችሁ ብዬ አልጠብቅም። እኔም በሰባ ሰባት፣ የተራቡት በተሰበሰቡበት ኮረም ላይ ቆሜ ይህን ለመናገር ድፍረቱ አይኖረኝም ነበር። ነገር ግን ሳተርንን ለማየት የተሰለፉት ሰዎች ሀብታም አልነበሩም፤ ለእነሱ ትርፍ ነገር ነው ብሎ የሚወስንላቸው ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳተርንን አይቷል።

አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ ከዳን ዴቪስ ጋር ሆኖ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሰማይን ማየት ለሚጀምር ሰው የሚሆን መጽሐፍ ጻፈ። በ1989 ታተመ፤ እስከ ዛሬ እየታደሰ ይሸጣል። በዚያው ዓመት ነው ሌላውን ነገር ያደረገው፤ ኢየሱሳውያን የሚባለውን የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ገባ።

ኢየሱሳዊ ስል ፊታችሁ ሲለወጥ አያለሁ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሆነውን ያነበበ ሁሉ ይህን ስም በቀላሉ አይሰማም። የዛሬው ወሬያችን ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው ቄስ አልሆነም፤ ወንድም ነው፤ "ብራዘር ጋይ" ነው የሚሉት። በ1993 ማኅበሩ ወደ ሮም ላከው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካስቴል ጋንዶልፎ በሚባለው የጳጳሳቱ የበጋ ማረፊያ ወዳለው የቫቲካን የሰማይ መመልከቻ። ጳጳስ ቴሌስኮፕ ምን ይሠራለታል ለምትሉ፣ ነገሩ የተጀመረው ከዘመን አቆጣጠር ነው። በ1582 ጳጳስ ጎርጎርዮስ አቆጣጠሩን ሲያርሙ የሰማይ ስሌት የሚያውቁ ሰዎች ያስፈልጓቸው ነበር። እኛ ያን እርማት አልተቀበልንም፤ ስለዚህ ነው ፈረንጅ ገናን ታኅሣሥ 16 ሲያከብር እኛ 29ን የምንጠብቀው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ የኛ ደብተራ ይህን ከእኔ የበለጠ ያስረዳችኋል። በዓሉ በቀኑ እንዲውል ሰማይን መቁጠር ለየትኛውም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ ሥራ አይደለም።

ካስቴል ጋንዶልፎ ሲደርስ የጠበቀው ዕቃ ከአንድ ሺህ በላይ የሰማይ ድንጋይ ቁራጭ ነበር። አንድ ፈረንሳዊ መስፍን፣ ማርኪ ደ ሞሮዋ፣ ዕድሜ ልኩን ሲሰበስብ ኖሮ፣ አብዛኛውን ባለቤቱ በ1935 ለቫቲካን የሰጠችው ነው። ውድ ድንጋዮች ናቸው። ትልልቅ ቤተ ሙከራ ያላቸው ሰዎች ቆርጠው፣ ፈጭተው፣ አቅልጠው በሚሊዮን ብር ማሽን ይመረምሯቸዋል። እሱ ያ ማሽን የለውም። መቁረጥም አልፈለገም። ምን ልሥራ ብሎ አሰበና ብዙ ሰው ያልነካውን ቀላል ነገር ሊሠራ ወሰነ፦ ልመዝናቸው አለ።

አሁን ጣሳውን አምጡ።

ክብደት ለማወቅ ሚዛን ይበቃል። ችግሩ ይዘቱ ነው፤ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ። እነዚህን ሁለቱን ካወቃችሁ እፍጋቱን ታገኛላችሁ። የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ውኃ ውስጥ ንከረው ይላል። ግን የሰማይ ድንጋይ ውስጡ ብረት አለው፣ ውኃ ሲነካው ይዝጋል፤ ቀዳዳም አለው፣ ውኃው ሰርጎ ገብቶ ልኩን ያበላሻል። ጋይና ዳን ብሪት የሚባል ባልደረባው በውኃ ፋንታ የመስታወት ዶቃ ተጠቀሙ፤ እያንዳንዱ ዶቃ 0.04 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ በጣት ስትነኩት እንደ ፈሳሽ የሚንሸራተት። እኔ ዶቃው የለኝም። ጤፍ አለኝ።

እዩኝ። ባዶውን ጣሳ ሚዛኑ ላይ አድርጌ ዜሮ አስይዣለሁ። ጤፍ ሞላሁት፤ ጎኑን መታ መታ አደረግሁት፣ እናቶች ቁና ሲሰፍሩ እንደሚያደርጉት፤ አፉን በማስመሪያ ደለደልኩት። 850 ግራም። ድንጋዩን ብቻውን፦ 360። አሁን ጤፉን ወደ ፌስታሉ ልመልስ… ትንሽ ከታች ልተው፣ ድንጋዩን ላስቀምጥበት፣ ዙሪያውን ልሙላ። መታ መታ። ልደልድል። ስንት ይላል? አንተ ልጅ አንብብልኝ። 955። ከዚህ ላይ የድንጋዩን 360 አንሱ፦ 595 ግራም ጤፍ ነው የገባው። 850 ይገባ ነበር። 255 ግራም ጤፍ ቦታ አጥቷል፤ ከጣሳው ሦስት አሥረኛ ማለት ነው። ስለዚህ ድንጋዩ የያዘው 300 ሚሊ ሊትር ነው። 360ን ለ300 አካፍሉ፤ 1.2 ነው። የአንድ ሚሊ ሊትር ውኃ ክብደት አንድ ግራም ነው፤ ይህ ድንጋይ ከውኃ ብዙም አይከብድም። ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ትንሽ ጤፍ ሰርቀውኛል፤ ባለቤቴ እንዳትሰማ።

ይህን ድንጋይ ወቅጣችሁ ዱቄቱን ብትለኩት ግን እፍጋቱ ከሦስት ብዙም አይርቅም። ታዲያ ቀሪው የት ሄደ? ከግማሽ በላይ የሆነው ባዶ ነው፤ አየር ነው። ጋይ ድንጋዩን ስለማይወቅጥ በሁለተኛው መለኪያ ሂሊየም ጋዝ ነው የሚጠቀመው። ሂሊየም ረቂቅ ስለሆነ ስንጥቅ ውስጥ ሁሉ ይገባል፤ የጠጣሩን አካል ልክ ብቻ ይነግራችኋል። ዶቃው ከነባዶው ይለካል፤ ሂሊየሙ ያለባዶው ይለካል፤ ልዩነቱ ባዶው ነው።

በነገራችን ላይ፣ የቢሾፍቱን ሐይቆች የሰማይ ድንጋይ ነው የቆፈራቸው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አይደለም በሉት። እሳተ ገሞራ ነው፤ ይህም ድንጋይ የዚያው ዘር ነው።

ወደ ጋይና ብሪት ልመለስ፤ የመለካቱ ሥራ ዓመታት ወሰደ። አንድ ድንጋይ፣ አንድ ጣሳ፣ አንድ ቁጥር፤ በማግሥቱ ሌላ ድንጋይ። ማንም ጋዜጣ አይጽፍለትም። ከቁጥሮቹ ክምር ግን አንድ ነገር እየጎላ መጣ። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ዓይነት ድንጋይ እፍጋቱ 3.3 አካባቢ ነው፤ ባዶ ቦታውም አሥር በመቶ ገደማ። በሌላ በኩል መንኩራኩሮች አስትሮይዶችን አልፈው ሲሄዱ ስበታቸውን እየለኩ ክብደታቸውን ይነግሩን ጀመር። በ1997 ኒር የምትባለው መንኩራኩር ማቲልድ በተባለች አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። የማቲልድ እፍጋት 1.3 ሆኖ ተገኘ። ኢሮስ የምትባለው 2.67 ሆነች። ከድንጋዮቹ ያነሰ ነው፤ ድንጋዮቹ ግን ከአስትሮይዶች የተቆረሱ ናቸው። ቁራሹ ከእንጀራው ከበደ! የቀረው ማብራሪያ አንድ ብቻ ነው፤ አስትሮይዱ ራሱ ውስጡ ባዶ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ አለት ሳይሆን ተሰባብሮ፣ ተመልሶ በስበት ተሰብስቦ የተቀመጠ የድንጋይ ክምር ነው፤ ገበሬ ማሳው ዳር እንደሚከምረው።

ይህ ነገር ትርፍ እውቀት እንዳይመስላችሁ። በ2013 ሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ ሃያ ሜትር ያህል ስፋት ያለው አካል አየር ላይ ፈነዳ፤ የሰበረው መስኮት ከአንድ ሺህ በላይ ሰው አቆሰለ። ከዚያ የሚበልጥ ሲመጣ ገፍተን ልናስተው ብንፈልግ፣ የምንገፋው አለት ነው ወይስ የድንጋይ ክምር? አለት ሲመቱት ይገፋል፤ ክምር ሲመቱት ምቱን ይውጣል፣ ይበተናል። በ2022 ዳርት የተባለችው መንኩራኩር በሌላ አስትሮይድ ዙሪያ የሚዞረውን ትንሽ አካል፣ ዲሞርፎስን፣ ሆን ብላ ስትገጨው፣ ዙረቱን ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ በግማሽ ሰዓት ገደማ አጠረ። ብዙዎች ከጠበቁት በላይ ነው፤ ከላዩ የተበተነው ፍርስራሽ ራሱ ወደ ኋላ ገፍቶታል።

ጋይ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ አልተቀመጠም። በ1996 አንታርክቲካ ሄዶ ስድስት ሳምንት በድንኳን ኖሮ ድንጋይ ለቅሟል። እዚያ የሚሄዱት የበለጠ ስለሚወድቅ አይደለም። በረዶው በሺህ ዘመናት የወደቀበትን ሁሉ ይዞ እንደ ወንዝ ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ ተራራ ሲገጥመው ይቆማል፤ ነፋሱ በረዶውን ከላይ እየላጠ ይወስደዋል፤ ድንጋዩ ይቀራል። ሰማያዊ በረዶ ላይ ጥቁር ድንጋይ። ጃፓኖች በ1969 ዘጠኝ ድንጋይ እዚያ ሲያነሱ ዓይነታቸው የተለያየ ሆኖ አገኙትና ምስጢሩ ገባቸው።

እኛ ዘንድስ? በ1981 ጉርሱም ላይ፣ ሐረርጌ ውስጥ አንድ የሰማይ ድንጋይ ወድቋል። ከሠላሳ አራት ኪሎ በላይ ነው፤ በዓለም መዝገብ ላይ "ጉርሱም" ተብሎ በስማችን ተመዝግቧል። የጎረቤታችን የሱዳን ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይገርማል። ጥቅምት 6 ቀን 2008፣ በፈረንጅ፣ አሪዞና ያለ ቴሌስኮፕ አንዲት ትንሽ አስትሮይድ ወደ ምድር ስትመጣ አየ። ሃያ ሰዓት ገደማ ቀረው። ከመውደቁ በፊት የታየ የመጀመሪያው ነው። ንጋት ላይ፣ ለጸሎት የተነሳ ሰው ሰማዩ ሲበራ አየ፤ ኑቢያ በረሃ ላይ በሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ከፍታ ተበታተነ። ብዙዎች ምንም አይተርፍም አሉ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙአውያ ሻዳድና ፒተር ጄኒስከንስ ግን ተማሪዎችን ይዘው በረሃ ወረዱ። ተማሪዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተራመዱ። ስድስት መቶ ያህል ቁራጭ አገኙ። ስሙንም ከባቡር ጣቢያው ወሰዱ፤ አል-ማሃታ ሲታ፣ "ጣቢያ ስድስት" ማለት ነው። መሣሪያቸው ምን ነበር? እግርና ዓይን።

ድንጋይ ለቅማችሁ ልታመጡልኝ እንደምትችሉ ከዚህ ቃሌ በኋላ አውቃለሁ፤ አምጡ። ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ተማሪዬ ከአገር ቤት፣ ሁለት ቀን መንገድ ተሸክሞ፣ ጥቁር ከባድ ነገር ይዞልኝ መጣ። ማግኔት ይስባል። ልቤ ዘለለ። ለሁለት ሳምንት ለሰው ሁሉ አወራሁ። በኋላ ሲመረመር ከአንጥረኛ ምድጃ የወጣ የብረት ዝቃጭ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ የአየር አረፋ ነበረው፤ የሰማይ ድንጋይ እንዲያ ዓይነት አረፋ አይኖረውም፤ ይልቁንም ስስ ጥቁር ቅርፊት ይለብሳል፣ ሲሰበር ውስጡ ይነጣል። ልጁ አላፈረም፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ሳልመዝን አውርቼ።

ብራዘር ጋይ ከ2015 እስከ 2025 የመመልከቻው ዳይሬክተር ነበር። በ2014 የአሜሪካ የፕላኔት ተመራማሪዎች ለሕዝብ በማስተማሩ በካርል ሴጋን ስም የተሰየመውን ሜዳይ ሸለሙት። 4597 ቁጥር ያለው አስትሮይድም በስሙ ይጠራል። በሃይማኖትና በሳይንስ መሐል ጠብ አለ ወይ እያለ የሚጠይቀው ጋዜጠኛ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ያ ጥያቄ የሰለቸው ይመስለኛል።  የኖረው ለድንጋዮቹ ነው።

ማይክል ድሬክን አልረሳችሁትም፤ ስለ ቬስታ አብሮ የጻፈውን መምህር። ድሬክ በ2011 አረፈ። ከመሞቱ በፊት ኦሲሪስ ሬክስ የምትባል መንኩራኩር እንድትላክ ናሳን አሳምኖ፣ መሪነቱን ይዞ ነበር። መንኩራኩሯ ቤኑ የምትባል ትንሽ አስትሮይድ ደረሰች። የቤኑ እፍጋት ሲለካ 1.19 ሆነ። ይህን ቀይ ድንጋይ ስመርጥ ይህን ቁጥር አውቀው ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ። በ2020 ክንዷን ዘርግታ ስትነካው ክንዱ ምንም ሳያግደው ሰመጠ። ድንጋይ ላይ አረፍን ሲሉ ጤፍ ክምር ውስጥ ገቡ። ጀርባዋ ያለውን ግፊት ተኩሳ ባትመለስ ኖሮ ይበልጥ ትሰምጥ ነበር። ጋይና ብሪት በዶቃ ሲቆጥሩ የደረሱበትን፣ ክንዱ በእጁ ዳሰሰው። በመስከረም 2023 ዩታ በረሃ ላይ 121.6 ግራም አፈር ወረደ። ያንን ለመለካት የተሠራውን የጋዝ መለኪያ በእጁ የሠራው ማን ይመስላችኋል? ቦብ ማኪ የሚባል፣ ከብሪት ዘንድ የተማረ ሌላ ኢየሱሳዊ ወንድም፤ ዛሬ የካስቴል ጋንዶልፎ ድንጋዮች ጠባቂ እሱ ነው።

ብዙ አወራሁ። ግቢው ውስጥ ቴሌስኮፑ ተተክሏል፤ ጨረቃም ወጥታለች። በአንድ በር ውጡ፣ አትጋፉ፤ ትንንሾቹን አስቀድሙ። መነጽሩን በእጃችሁ አትያዙት፣ ይነቃነቃል፤ ዓይናችሁን ብቻ አስጠጉ። ጥያቄ ያለው ሰው እዚያው ሰልፉ ላይ ይጠይቀኝ። እኔ ጤፌን ሰብስቤ እመጣለሁ።